ዘንበል ያለ መያዣ ጥይት አያነሣም፦ ስለ አየር ጠመንጃ መነጽር ለተጻፈ መጣጥፍ የተሰጠ ምላሽ

በአየር ጠመንጃው ላይ መነጽር የገጠመ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ኢላማውን ራቅ ባደረገው ቁጥር ጥይቱ ዝቅ ብሎ ይመታል። የመነጽሩን የከፍታ ቁልፍ ያዞራል፣ ደግሞ ያዞራል፣ ቁልፉ ጥግ ደርሶ እምቢ ይላል፤ ጥይቱ ግን አሁንም ከታች ነው። ሰሞኑን ያነበብነው አንድ መጣጥፍ የዚህ መፍትሔ ከኋላው ከፍ ያለ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያለ የመነጽር መያዣ ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ከዚያ ቀጥሎ የሚሰጠው ማብራሪያና ምክር ግን ገዢውን ለከንቱ ወጪ፣ መነጽሩን ለጉዳት የሚዳርግ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

መጣጥፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ዘንበል ያለ መያዣ የጥይቱን ጉዞ ያቀናዋል፤ ስለዚህ እስከ 50 ሜትር ድረስ ለየርቀቱ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ይቀራል። 20 ኤምኦኤ ያዘነበለ መያዣ ጥሩ ነው፣ 60 ያዘነበለው ደግሞ ይበልጣል። መያዣ መግዛት ያልፈለገ መነጽሩን ከሚያቅፉት ሁለት ቀለበቶች በኋለኛው ሥር የጣሳ ቁራጭ ቢደራርብ ውጤቱ ያው ነው። በመጨረሻም የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ጠመንጃው ወደ ጎን ጋደል ቢል ለውጥ አያመጣም።

ለማያውቀው፣ ኤምኦኤ የሚባለው አንድ ዲግሪ ለ60 ሲካፈል የሚገኘው ጠባብ ማዕዘን ነው። በ100 ሜትር ርቀት ላይ 29 ሚሊ ሜትር ይከፍታል፤ በ50 ሜትር 14.5፣ በ20 ሜትር 5.8 ሚሊ ሜትር።

ነጥቦቹን ሁሉ በአንድ ጠመንጃ እንመዝናቸው። ጠመንጃው 22 ካሊበር ነው፣ ማለትም 5.5 ሚሊ ሜትር። ጥይቱ 1.03 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 174 ሜትር ይሄዳል። ጉልበቱ 15.6 ጁል ገደማ መሆኑ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ጦር መሣሪያ ፈቃድ ከሚያዘው የ12 ፉት ፓውንድ (16.3 ጁል ገደማ) ጣሪያ ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚህ ጉልበት አካባቢ የተሠሩ የአየር ጠመንጃዎች ብዙ ናቸው። የመነጽሩ መሐል ከአፈሙዙ መሐል 45 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል፤ የከፍታ ቁልፉ ጠቅላላ ጉዞ 60 ኤምኦኤ ነው፤ ከመሐል ተነሥቶ 30 ወደ ላይ፣ 30 ወደ ታች።

ይህ ጥይት አፈሙዙ ከጠቆመበት ቀጥታ መስመር በታች የሚወርደው በ10 ሜትር 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ20 ሜትር 7፣ በ30 ሜትር 16፣ በ40 ሜትር 30፣ በ50 ሜትር 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 100 ሜትር ላይ 2.3 ሜትር ይደርሳል። እንደ ጥይቱ ቅርጽና እንደ አየሩ ሁኔታ ቁጥሮቹ ጥቂት ይለዋወጣሉ፤ መጠናቸው ግን ይኸው ነው።

“መያዣው የጥይቱን ጉዞ ያቀናዋል”

አያቀናውም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ የሚያዙት መሬት ስበትና አየር ብቻ ናቸው። በላዩ ላይ ምን ዓይነት መያዣ እንደታሰረ ጥይቱ አያውቅም።

ጠመንጃውን 30 ሜትር ላይ ዜሮ እናድርገው፤ ማለትም በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀል ያረፈበት ላይ ጥይቱም እንዲያርፍ እናስተካክለው። ጥይቱ 16 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ መነጽሩ ደግሞ 4.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ ሲደመሩ 20.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። በ30 ሜትር አንድ ኤምኦኤ 8.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን መስመርና በአፈሙዝ መስመር መካከል 24 ኤምኦኤ ገደማ መከፈት አለበት። መያዣው ጠፍጣፋ ከሆነ 24ቱም ከቁልፉ ይመጣሉ። መያዣው 20 ያዘነበለ ከሆነ 20ው ከብረቱ፣ 4ቱ ከቁልፉ ይመጣሉ። ድምሩ ግን በሁለቱም 24 ነው፤ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚቀናው በእኩል መጠን ነው፤ ጥይቱም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

የተጠራጠረ ሰው መያዣዎቹን እያፈራረቀ በእያንዳንዱ 30 ሜትር ላይ ዜሮ ያድርግና በ20 እና በ40 ሜትር አምስት አምስት ጥይት ይተኩስ። ወረቀቶቹን ደራርቦ መስኮት ላይ በብርሃን ቢያያቸው ቀዳዳዎቹ በአንድ ቦታ ይገጥማሉ። በዚህ ጠመንጃ በ20 ሜትር ከመስቀሉ 2.3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በ40 ሜትር 6.7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በ50 ሜትር 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል፤ በጠፍጣፋውም በዘንባላውም።

ታዲያ ዘንበል ያለ መያዣ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ በመነጽሩ ውስጥ ነው፤ መጣጥፉ ይህን አንድም ቦታ አልነካውም። በመነጽሩ ሆድ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ሁለቱ ቁልፎች፣ የከፍታውና የጎኑ፣ ይህን ቱቦ ከላይና ከጎን ይገፉታል፤ ከተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ሞላ እየመለሰ ወደ ቁልፎቹ ያስጠጋዋል። የምቱን ቦታ ከፍ ለማድረግ ቁልፉን ባዞሩ ቁጥር ቁልፉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሞላው ይላላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ጥጉ አጠገብ ሲደርስ ሞላው ቱቦውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። በዚያ ላይ በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ፒስተኑ ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይነጠቃል። የላላው ቱቦ በየተኩሱ ይንቀጠቀጥና ሌላ ቦታ ያርፋል። ትናንት አንድ ላይ ሲያርፉ የነበሩ ጥይቶች ዛሬ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተበታትነው ይገኛሉ። ባለቤቱም ጥይት ይቀይራል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ መነጽሩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። መነጽሩን ወደ መሐል ቢመልሱት ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው።

ሌላም አለ። የውስጡ ቱቦ የሚንቀሳቀሰው በክብ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ወደ ላይ ብዙ ከሄደ ወደ ጎን የሚሄድበት ያጣል። 30 ኤምኦኤ ራዲየስ ባለው ክብ ውስጥ ወደ ላይ 24 የወጣ ቱቦ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚቀረው 18 ብቻ ነው። መያዣው ጥቂት ወደ ጎን ጠመም ያለበት ሰው የጎን ቁልፉ ቶሎ የሚያልቅበት በዚህ ምክንያት ነው።

“ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ይቀራል”

የፊተኛው ከተረዳ ይህ አብሮ ይወድቃል፤ አደጋው ስላሳሰበን ግን አንድ ነገር እንጨምር። ጠመንጃው 40 ሜትር ላይ ዜሮ ተደርጎ፣ ተኳሹ 40 ሜትር ነው ብሎ የገመተው ጥንቸል በእርግጥ 50 ሜትር ላይ ቢሆን ጥይቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይህ የጭንቅላትና የእግር ልዩነት ነው። መያዣው ያነሣዋል ብሎ የተማመነ ሰው እግሩ ተሰብሮ የሚሸሽ እንስሳ ጥሎ ይሄዳል። በዚህ ጉልበት ለአደን የሚተኩስ ሰው ርቀቱን በመሣሪያ ሳይለካ፣ ለየአምስት ሜትሩ የክሊክ (ቁልፉ ሲዞር ቀጭ እያለ የሚሄድበት እርምጃ) ቁጥር በወረቀት ሳይጽፍ ከ30 ሜትር ማለፍ የለበትም።

“60 ከ20 ይበልጣል”

ይህ ምክር ገንዘብ ያስወጣል። የጠመንጃችን ጥይት በየርቀቱ ዜሮ እንዲሆን የሚፈልገው ማዕዘን ይህ ነው፦ በ10 ሜትር 21 ኤምኦኤ፣ በ15 ሜትር 19፣ በ20 ሜትር 20፣ በ30 ሜትር 24፣ በ40 ሜትር 29፣ በ50 ሜትር 36፣ በ75 ሜትር 56፣ በ100 ሜትር 81። በ10 ሜትር ከ15 ሜትር የበለጠ መፈለጉ ስሕተት አይደለም፤ ቅርብ ላይ የሚያስቸግረው የጥይቱ መውረድ ሳይሆን የመነጽሩ ከፍታ ስለሆነ ነው።

በጠፍጣፋ መያዣ ቁልፉ ከ0 እስከ 30 ድረስ ወደ ላይ ይሄዳል። 40 ሜትር ጥጉ ላይ ነው፤ 50 ሜትር አይደረስም። በ20 ያዘነበለ መያዣ እስከ 50 ወደ ላይ፣ እስከ 10 ከዜሮ በታች ይደረሳል። ከ10 እስከ 40 ሜትር ያለው ሁሉ ከመነጽሩ መሐል በ10 ኤምኦኤ ውስጥ ይወድቃል፤ 50 ሜትርም ከመሐል 16 ብቻ ይርቃል። ለዚህ ጠመንጃ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም።

በ60 ያዘነበለ መያዣ ሲገጠም ግን ቁልፉ እስከ ታችኛው ጥግ ቢወርድ እንኳ 30 ኤምኦኤ ይቀራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 40 ሜትር ባለው ርቀት ሁሉ ጠመንጃው ከመስቀሉ በላይ ይመታል፤ ወደ ታች የሚያወርደው ቁልፍም የለም። ብዙው ሰው የሚተኩሰው በዚሁ ርቀት ውስጥ ነው። ለ100 ሜትር ወረቀት ብቻ የተመደበ ጠመንጃ ከሆነ 60ው ይሠራል። ቅርቡንም ሩቁንም የሚፈልግ ሰው ዘንበል የሚልበት መጠን በብሎን የሚስተካከል መያዣ ይግዛ፤ የእንግሊዙ ስፖርትስማች የሚያመርታቸው ዓይነት ማለት ነው።

በዚያው ጉልበት 177 ካሊበር፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የሚተኩስ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። 0.55 ግራም ጥይት በሰከንድ 238 ሜትር ሲወጣ በ50 ሜትር የሚወርደው 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝ ፊልድ ታርጌት የሚባለውን ውድድር የሚተኩሱ ሰዎች፣ ከ8 እስከ 55 ያርድ ባለው ርቀት ላይ ቁልፍ እያዞሩ ስለሚተኩሱ፣ አብዛኞቹ 177ን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግዛት በፊት የራስን ጠመንጃ መለካት ይቻላል፤ ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ጠመንጃው ያልተወጠረና ባዶ መሆኑን በቅድሚያ ያረጋግጡ። የከፍታውን ቁልፍ ሳያስገድዱ ከጥግ እስከ ጥግ እያዞሩ ክሊኮቹን ይቁጠሩ፤ ለምሳሌ 240 ቢሆኑ 120 ላይ ያቁሙት። የጎኑንም እንዲሁ። አሁን መነጽሩ መሐሉ ላይ ነው። በ20 ሜትር ላይ ትልቅ ካርቶን ያቁሙ፣ ላይኛው ክፍሉ ላይ ነጥብ ያድርጉ፣ ከኋላው ጥይት የሚያስቀር ነገር ይኑር፣ የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ነጥቡን እያነጣጠሩ አምስት ጥይት ይተኩሱና ከነጥቡ እስከ ምቱ መሐል በሚሊ ሜትር ይለኩ። ልኬቱን ለ5.8 ሲያካፍሉት የሚገኘው ቁጥር ጠመንጃዎ በ20 ሜትር የሚፈልገው ኤምኦኤ ነው።

በእኛ ምሳሌ 11.4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህም 20 ኤምኦኤ ያህል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግን 34 ይሆናል። ትርፉ 15 ኤምኦኤ ገደማ ከጥይቱ መውረድ የመጣ አይደለም፤ አፈሙዙ ራሱ መነጽሩ ከሚታሰርበት ሐዲድ አንጻር ወደ ታች ያዘነበለ ነው ማለት ነው። መጣጥፉ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ነው የጻፈው። አፈሙዛቸው ታጥፎ በሚጎርሱ የሞላ ጠመንጃዎች፣ በተለይም እንደ ዲያና 34 ባሉት፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው። በፋብሪካው የብረት ማነጣጠሪያ ሲተኮስ አይታወቅም፤ የፊቱም የኋላውም ማነጣጠሪያ አፈሙዙ ላይ ስለተሠሩ አብረው ያዘነብላሉ። መነጽር ሐዲዱ ላይ ሲታሰር ግን ይገለጣል። እንዲህ ላለው ጠመንጃ ከሚፈለገው ማዕዘን ላይ ይህ ትርፍ ይደመርና መያዣው በዚያ ይመረጣል፤ በምሳሌያችን 20 ሲደመር 15። አፈሙዙን ማጠፍ አያስፈልግም።

“የጣሳ ቁራጭ ያው ነው”

የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሁለቱ ቀለበቶች በ100 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ አንድ ቁራጭ ከኋላው ቀለበት ሥር ሲገባ መነጽሩን በ3.4 ኤምኦኤ ያዘነብለዋል። ይህን ያህል ቢሆን አንቃወምም። 15 ኤምኦኤ ለማግኘት ግን አራት ወይም አምስት ቁራጭ፣ 0.44 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ጉዳቱም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው የተቀረጹ ናቸው፤ ቱቦው ግን አሁን ዘንበል ብሏል። በ20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ውስጥ በአንዱ ጠርዝና በሌላው መካከል ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ቀለበቱ ቱቦውን በሙሉ ፊቱ አያቅፈውም፤ የፊተኛው ቀለበት በአንድ ጠርዙ፣ የኋለኛው በተቃራኒው ጠርዙ ይነክሰዋል። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ስሱ አሉሚኒየም ቱቦ ይጎብጣል። መነጽሩን ፈትተው ቀለበቱ የነበረበትን ቦታ በጥፍርዎ ቢዳስሱት ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት ያገኛሉ፤ በከፋው ደግሞ የውስጡ ቱቦ ተጣብቆ ቁልፉ እየዞረ ምቱ አይንቀሳቀስም። በዚያ ላይ የሞላ ጠመንጃ ምት ለስላሳውን ጣሳ እያንሸራተተ ስለሚያወጣው ዜሮው በየሳምንቱ ይለወጣል።

ርካሽ መንገድ የሚፈልግ ሰው በርስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን ሲግኔቸር የሚባሉ ቀለበቶች ይመልከት። በውስጣቸው የሚገቡት የፕላስቲክ ክብ ማስገቢያዎች ከቱቦው ጋር አብረው ስለሚዞሩ ቱቦውን ሳያጎብጡ ያዘነብሉታል፤ መሐላቸው ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ የተሠራባቸውም አሉ። አለዚያም ባለ አንድ ቁራጭ ዘንባላ ሐዲድ ይግዛ። ሐዲዱ ሲገጠም ወፍራሙ ጫፍ ወደ ሰደፉ ነው የሚሆነው፤ በተቃራኒው የታሰረ ሐዲድ ምቱን ይብሱን ያወርደዋል። ስሕተቱ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ስለሆነ ብሎን ከማጥበቅ በፊት ሁለቱን ጫፎች በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) መለካት ይሻላል። የሞላ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ መያዣው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያቆም ፒን ያለው ይሁን፤ ፒኑም በጠመንጃው ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። የቀለበቱን ክዳን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቁ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ከዚያ በላይ ቱቦውን መጭመቅ ነው።

“ጋደል ማለት ለውጥ የለውም”

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው፤ እውነቱ ግልብጡ ነው። ጠመንጃው ሲጋደል ወደ ላይ የቀናው አፈሙዝ ወደ ጎን ይዞራል። ስሕተቱ የሚመጣው ጥይቱ ከሚወርደው መጠን ስለሆነ ብዙ የሚወርድ ጥይት ብዙ ወደ ጎን ይስታል። ጠመንጃችን 50 ሜትር ላይ ዜሮ ተደርጎ በ5 ዲግሪ ቢጋደል ጥይቱ ወደ ተጋደለበት ጎን 4.2 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 820 ሜትር የሚተኩስ ትልቅ የአደን ጠመንጃ በዚያው ርቀት የሚወርደው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚያው ማጋደል የሚስተው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በፊልድ ታርጌት የሚመታው ቀዳዳ ከ15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ 4.2 ሴንቲ ሜትር ማለት ትልቁን ቀዳዳ መሐሉን እያነጣጠሩ ሙሉ በሙሉ መሳት ማለት ነው። 5 ዲግሪን ደግሞ ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በ20 ሜትር ላይ ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ቱንቢ ያንጠልጥሉ። ጠመንጃውን በማስደገፊያ ላይ ያስቀምጡና ሐዲዱን በትንሽ ውሃ ልክ ቀጥ ያድርጉት፤ ከዚያ ቀለበቶቹ ገና ሳይጠብቁ መነጽሩን እያዞሩ የመስቀሉን ቁም መስመር ከቱንቢው ክር ጋር ያግጥሙት። ቀለበቶቹን ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይመልከቱ፤ ብሎን ሲጠብቅ መነጽሩን ጥቂት ያዞረዋል። መነጽሩ ላይ የሚታሰር ውሃ ልክም ይግጠሙ፤ ሲተኩሱ በግራ ዓይንዎ የሚታይ ቦታ ላይ ይሁን።

ከዚያ ነፋስ በሌለበት ማለዳ በ15 ሜትር ላይ ዜሮ አድርገው፣ የጎኑን ቁልፍ ሳይነኩ፣ በ25፣ በ35 እና በ45 ሜትር ይተኩሱ። ምቶቹ በአንድ ቁም መስመር ላይ ከወረዱ ሥራው አልቋል። እየራቁ በሄዱ ቁጥር ወደ አንድ ጎን የሚያፈነግጡ ከሆነ መስቀሉ ከአፈሙዙ ጋር ገና አልገጠመም። ምቶቹ ወደ ቀኝ የሚያፈነግጡ ከሆነ መነጽሩን ከኋላ ሆነው ሲያዩት በቀለበቶቹ ውስጥ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዙሩትና ከ15 ሜትር ጀምረው ይድገሙት።